የጀማሪው በርጩማ

አጥንትን ከጅማት ጋር ያያያዘ ፈጣሪ የእያንዳንዱን ወገብ ልክ ያውቃል፤ ሰው ግን የባልንጀራውን ኃይል በዓይኑ ገምቶ ይሳሳታል። በጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ የሆነው ይህ ነገርም እርሱ በወሰነው ጊዜና በእርሱ ፊት የሆነ ነው።

አሰልጣኙ ፊልሞና ብረት ሊያነሣ ጎንበስ ያለውን ወጣት ክንዱን ይዞ አቀናው።

"ብረቱን ተወው፣ በረከት። ዛሬ አትነካውም፤ መጀመሪያ እግርህን እናጠንክር።"

በረከት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ለወንድሙ ሠርግ ሚዜ ስለሚሆን የሸሚዙ እጅጌ በክንዱ ሞልቶ እንዲታይ ይመኛል። ከፊልሞና ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ወጣቶች ጡንቻ ለማዳበር የሚያነሡት ክብደት ይገኛል፤ የውኃ ቧንቧ ብረት ሆኖ በሁለት ጫፉ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ የተተከለበት ነው።

"ታዲያ ለምን መጣሁ፣ አሰልጣኝ?" አለ በረከት። "እኔ የምፈልገው ክንድ ነው። እግሬንማ ሱሪ ይሸፍነዋል።"

ወጣቶቹ ሳቁ። ፊልሞና በሌላ ጊዜ ቢሆን አብሮ ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ ከግቢው በር አልተነቀለም፤ ዲዩን ልኮበት እየጠበቀው ነበር።

ዲዩ በጀዊ መንገድ ላይ ባለ አንድ የእህል መጋዘን ጆንያ ይሸከም የነበረ፣ ቁመተ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ሸክሙን ትቶ በጥበቃ ሥራ ለመቀጠር አስቦ፣ ሰውነቱ ይበልጥ እንዲዳብር ወደዚህ ግቢ መጣ። ፊልሞና ለማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ ጣሳ የሌለበትን ባዶ ቧንቧ ነበር የሚሰጠው። ዲዩን ባየ ጊዜ ግን ይህን ልማዱን ተወ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ለሚሸከም ሰው ባዶ ብረት መስጠት ስድብ መስሎ ታየውና፣ ትልቁን ክብደት ከመሬት እንዲያነሣ አዘዘው። ዲዩ አንዴ አነሣ፤ በሁለተኛው ወገቡን ተይዞ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የጥበቃውን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው፤ በመጋዘኑም በዲዩ ቦታ ሌላ ተሸካሚ ገባ።

ፊልሞና ያን ጊዜ ሄዶ ጠይቆታል፣ አዝኗልም፤ የሐዘኑ ምክንያት ግን የዲዩ ዕድል ከፋ የሚል ነበር። የራሱን ጥፋት ያየው በቅርቡ በመጋዘኑ በኩል ሲያልፍ ነው። ከመኪና ወርዶ መሬት ላይ የተከመረውን ጆንያ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ብድግ ያደርጉና፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ሦስተኛ ሰው ትከሻ ላይ ያኖሩታል። ተሸካሚው አይጎነበስም። ፊልሞና የሚሄድበትን ረስቶ መንገዱ ዳር ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ዲዩ ከባለቤቱ ከኛጃል ጋር ገባ። ቀጥ ብሎ፣ መሬቱን እየመረጠ ይራመዳል። ብረቱን ሲያይ ፈገግ አለ።

"ይሄ ገና አለ? እኔ በልቶ ጨርሶታል ብዬ ነበር።"

"ማን?"

"ዝገት ነዋ። ሰውማ መች በላው፤ እሱ ነው ሰው የሚበላ።"

ትንሿ ልጃቸው እግሩ ሥር ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ እርሱ ዘረጋች። ዲዩ አልጎነበሰም። ኛጃል ልጂቱን ከመሬት አንሥታ ክንዱ ላይ አኖረችለት። ሁለቱም ያለ ቃል አደረጉት፤ እንደለመዱት ያስታውቃል። ፊልሞና ይህን ሲያይ የመጋዘኑ በር ፊቱ ድቅን አለበት።

"ዲዩ፣ በቀደም ጓደኞችህ ሲያራግፉ አየሁ" አለ። "አንተ ለካ ከመሬት አንሥተህ አታውቅም።"

"ከመሬት? ለምን ብዬ? ሁለት ሰው ያነሣል፣ እኔ ትከሻ እሰጣለሁ። ሥራው እንደዛ ነው።"

"ያን ቀን ብትነግረኝ . . ."

"አልጠየቅከኝም፣ ወንድሜ። እኔም አንተ ታውቃለህ አልኩ።"

በቃሉ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለፊልሞና የከበደውም ይኸው ነው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ያለፈውን ዓመት እንደማይመልስለትም ተናገረ። ከዚያ የጤና ባለሙያው ምን እንዳለ ጠየቀ። ባለሙያው ወገቡን በጥቂት በጥቂቱ እንዲያንቀሳቅስ መፍቀዱን ዲዩ ነገረው።

ኛጃል ወደ ፊልሞና ዞረች። "አሁንስ ምን ልታሸክመው ነው?" አለች።

"ምንም።"

ፊልሞና ከቤት በርጩማ አወጣና ከኒሙ ጥላ አኖረው። ለዲዩ የመረጠለትን አንድ በአንድ አስረዳው። በመጀመሪያ በባዶ እጅ ከበርጩማው መነሣትና መቀመጥ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን በሁለት መዳፍ ተደግፎ ደረትን ማስጠጋትና መግፋት፤ ወገቡ ሲጸና ጥቂት ውኃ የያዘ ጄሪካን በተደራረበ ብሎኬት ላይ አኑሮ ከዚያ ማንሣት።

"ብሎኬቱን አንድ አንድ እያልን እንቀንሳለን" አለ። "መሬት የምንደርሰው በመጨረሻ ነው።"

ዲዩ ልጂቱን ለኛጃል ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ጥርሱን ነክሶ ተነሣ። ከወጣቶቹ አንዱ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ዲዩ ግን አይቶታል። በርጩማውን በእግሩ ገፋ አደረገው።

"ይሄ የሽማግሌ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ያያል። እኔ ልሂድ።"

ፊልሞና ወጣቶቹን አልገሠጸም። በዚህ ግቢ ሰው በሚያነሣው ክብደት ይከበራል፤ ይህን ክብር ያስተማራቸው ራሱ ነው። በረከት ብረቱን ዳግመኛ ይመለከት ነበር። ፊልሞና ብረቱን አነሣና ከቤቱ ጀርባ ጥሎት ተመለሰ፤ ከጓዳም ሁለተኛ በርጩማ፣ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለውን፣ ይዞ መጣ። ከዲዩ ጎን አኑሮም እጆቹን ባዶ አድርጎ ተቀመጠ።

"አብረን ነው የምንነሣው፤ አንተ ቁጠር" አለው።

ዲዩ የፊልሞና በርጩማ ከእርሱ ዝቅ እንደሚል አየ። ከዚያ በርጩማውን በእግሩ ወደ ቦታው መለሰና ተቀመጠ።

"ኬል" ብሎ በኑዌርኛ ከአንድ መቁጠር ጀመረ፤ ሁለቱም ተነሡ።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የወደቀ ቢኖር አብሮት ዝቅ የሚል ወዳጅ አይጣበት፤ ልጆችህም የሚያነሣቸው ክንድ አይጉደልባቸው። አሜን።