የታጠፈው ቱቦ

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ እንደ ተንጠለጠለ ክር የምትጠላው ነገር የለም። በማታውቀው ሰው እጅጌ ላይ እንኳ ክር ብታይ ሳትበጥስ አታልፍም። ስለዚህ የታናሽ ወንድሟ እጮኛ ወላጆች ሊጠይቁት ሆስፒታሉ በር ላይ ደርሰዋል በተባለ ጊዜ፣ ዐይኗ መጀመሪያ ያረፈው ከወንድሟ ጎን ወጥቶ ወደ አልጋው ሥር በሚወርደው ቀጭን ቱቦና በጫፉ በተንጠለጠለው ከረጢት ላይ ነበር።

ወንድሟ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ቁስሉ ከላይ እየሻረ ሳለ ሆዱ ውስጥ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ሐኪሞቹም ሆዱን እንደገና ከመክፈት ይልቅ ቆዳውን በመርፌ በስተው፣ ቱቦ መግሉ እስከ ተጠራቀመበት ድረስ አስገብተው ተዉለት። መግሉ በቱቦው እየወረደ ከረጢቱን ይሞላ ጀመር፤ ትኩሳቱም በረደ።

«ቀጭኔ፣ አማቶችህ ይህን አይተው ልጃቸውን የሚሰጡህ ይመስልሃል?» አለችው። በቁመቱ ምክንያት ቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራው ቀጭኔ እያለ ነው።

«እትዬ፣ እኔን አይተው ያልደነገጡ በከረጢት ይደነግጣሉ?»

አልሰማችውም። ቱቦውን ሳብ አድርጋ እንደ ሱሪ ጠርዝ አጠፈችው፤ በመርፌ ቁልፍ ከካናቴራው ጋር አያያዘችው፤ ከረጢቱንም ከትራሱ ኋላ ሸሸገችው። ሥራዋ አያሳማም ነበር። እንግዶቹ አንዳች ነገር ሳያዩ፣ ሙሽራው ተሽሎታል ብለው ደስ እያላቸው ተመለሱ። እሷም መርፌ ቁልፉን ነቅላ ከረጢቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ወደ ከረጢቱ የወረደ ነገር አልነበረም። «መግሉ አለቀ!» ብላ ለክፍሉ ሁሉ አበሰረች። ደስታዋ ግን አልሰነበተም፤ ወንድሟ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጠው ጀመር።

መጀመሪያ ቱቦውን ያስገባችው ዶክተር መጥታ ሆዱን በአልትራሳውንድ አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ቱቦው ከቦታው ወጥቷል። መግሉም እንደገና ሞልቷል» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ዶክተሯ ጠጋ አለች። «እኔ ነኝ፣ ልጄ። እንግዳ ሲመጣ ስቤ ያጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አስቀመጠች። «እንኳን ነገሩኝ፣ እናቴ። እኔም መግሉ አለቀ ሲባል ያን ጊዜውኑ መጥቼ ማየት ነበረብኝ» አለች። ከዚያ እውነቱን ሳታድበሰብስ ነገረቻት። አዲስ ቱቦ መግባት አለበት፤ በቀድሞው መንገድ ላይ ግን አንጀት ተኝቶበታል። የቀረው ክፍተት በአንጀቱና በአንድ ትልቅ የደም ሥር መካከል ያለ ቀጭን ስንጥቅ ነው። መርፌው አንዱን ቢወጋ ሌላ መዘዝ ይመጣል። ካልሆነም ሆዱ እንደገና ይከፈታል፤ በዚህ አቅሙ ግን ያን መቻሉን ቀዶ ሐኪሙ ይጠራጠራል።

ወደ ሕክምናው ክፍል ሲያስገቡት እሷ ከበሩ ውጭ ቀረች። የዶክተሯ ድምፅ ይሰማታል፤ «ትንፋሽህን ያዝ… ያዝ እንጂ!» ክፍተቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እሱ ደግሞ ከመንቀጥቀጡ ጋር ቢታገልም ትንፋሹ አልታዘዝ ብሎታል።

በሩን ገፋ አደረገችው። «ልግባ። እኔ አቆመዋለሁ።»

ያሳደገችው እሷ ናት። ልብሱን ሁሉ የምትለካው ገላው ላይ አድርጋ፣ በመርፌ እየጠቀጠቀች ነበር። ያን ጊዜ «ዛፍ ሁን!» ስትለው ቅጠሉ እንኳ አይነቃነቅም ነበር።

ጋውን አልብሰው ራስጌው አቆሟት። ከዚያ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ተመለከተች። በግራጫው ጭጋግ ውስጥ አንጀቱ የራሱ ሐሳብ ያለው ፍጥረት ይመስል በዝግታ ይላወሳል። ከጎኑ የደም ሥሩ ትር ትር ይላል። ስትመግበውና ስታለብሰው የኖረችው ይህ ሆድ፣ ለካ ይህን ሁሉ ዓለም ይዞ ኖሯል!

መርፌው እንደ ነጭ ክር ሆኖ ብቅ አለ። አንጀቱ አጠገብ ሲደርስ ዶክተሯ ቆመችና በመርፌው ጫፍ ጥቂት የጨው ውሃ ረጨች። ውሃው በመካከል ገብቶ አንጀቱን እንደ መጋረጃ ገለል አደረገው። ልብስ ሰፊዋ አርባ ዓመት መርፌ ይዛለች፤ ሳይወጋ የሚያልፍ መርፌ ግን አይታ አታውቅም።

«አሁን» አለች ዶክተሯ።

«ቀጭኔ፣ ዛፍ ሁን!»

መንቀጥቀጡ ቆመ። ደረቱ ጸጥ አለ። ነጩ ክር በስንጥቁ ሾልኮ፣ ሁለቱንም ሳይነካ፣ መግሉ ወዳለበት ጥቁር ጉድጓድ ገባ። ቱቦው መርፌውን ተከትሎ ከገባ በኋላ ወፍራም መግል ከረጢቱ ውስጥ ጠብ ሲል ልብስ ሰፊዋ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ተንፍስ፣ ወንድሜ» አለች ዶክተሯ።

በረጅሙ ተነፈሰና ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «እትዬ፣ ልብሱ ልክ ሆነ?» አለ።

«አጥሯል፤ እንደ ሁልጊዜው» አለችው፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ነበር።

መግሉ ሲነካ ወደ ደም ሊዘልቅ ይችላልና ያንቀጠቅጠው ይሆናል ብላ ዶክተሯ አስጠንቅቃ ስለ ነበር፣ የዚያን ዕለት ሲንቀጠቀጥ ልብስ ሰፊዋ አልጮኸችም፤ እጁን ይዛ መድኃኒቱ እስኪሠራ ጠበቀች። በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ።

አማቶቹ ዳግመኛ ሲመጡ ቱቦው ከብርድ ልብሱ በላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነበር፤ ከረጢቱም መግሉ ወደ ታች እንዲወርድ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። እሷም መርፌው የሄደበትን መንገድ፣ አንጀቱ ገለል ያለበትን ሁኔታ፣ በአየር ላይ በጣቷ እየሳለች ነገረቻቸው። የእጮኛው አባት አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ከዚያ ከረጢቱ ዝቅ ማለቱ አሳስቧቸው፣ «ይኼማ ሰው ይረግጠዋል፤ አልጋው ላይ ላውጣው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«ዛፍ ይሁኑ!»

ሽማግሌው እጃቸው በአየር ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

«እባካችሁ አታስቁኝ፣ ሆዴን!» አለ ቀጭኔ ጎኑን ደግፎ። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ ሳትነካው፣ በቱቦው ውስጥ የሚወርደውን ጠብታ በዐይኗ እየተከተለች ነበር።