ቀን ቀን የማትተኛው አክስት

ሠዓሊዋ አክስቷን የምትፈራውን ያህል ሐያሲ አትፈራም። ለነገሩ ሐያሲም ገና አልደረሰባትም፤ ሥዕሎቿን ለብቻዋ ስታሳይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ጋለሪው ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ነገር ሲሆን፣ ደረጃውን ከሚወጡት ሰዎች ገሚሱ መድኃኒት ፈልገው በስሕተት የሚመጡ ናቸው።

የፍርሃቷ ምክንያት ዋናው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥዕሎቿ ሁሉ ትልቁ ነው። አንዲት ወፈር ያለች ሴት ሶፋ ላይ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን እንደ ጓዳ በር ከፍታ፣ አንድ እግሯን ከነጠላ ጫማዋ አውጥታ ተኝታለች። ሴትዮዋ አክስቷ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት፣ ልብስ እየሰፋች ቀለም የገዛችላት፣ ምላሷ በሰፈሩ የተፈራ አክስቷ።

ይቺ አክስት ደግሞ ቀን ቀን አልተኛም ባይ ናት። ሶፋው ላይ ስታንኮራፋ የደረሱባት እንደሆነ «ዐይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሟ እንቅልፍ ላይ እንዳለች በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ አዝማድ ቢያዳርስ፣ ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠችም። ሠዓሊዋ ይህን እያወቀች ነው እሁድ እሁድ ከሰዓት ከመጋረጃው ኋላ እየተቀመጠች ንድፏን የሰረቀችው። ሥዕሉን ደብቃ ልታስቀምጠው ነበር፤ ባለጋለሪው ግን አንዴ አይቶት «እሷ ከሌለች ትርኢቱም የለም» ብሎ ድርቅ አለ።

ምን ታድርግ? በመክፈቻው ጠዋት ከሥዕሉ ሥር «አክስቴ» የሚለውን ወረቀት ልጣ «ያልታወቀች ሴት» የሚል ለጠፈች። ጎራዳ እስኪሆን ድረስ አፍንጫውንም በቀለም አሳጠረችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ አክስት ከሰው ሁሉ ቀድማ መጣች። ክፍሉ ውስጥ ከባለጋለሪው ሌላ የራስ ምታት መድኃኒት የሚፈልግ አንድ ሰውዬ ብቻ ነበር። አክስት ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሥዕሎቹን እያየች ቆየችና ትልቁ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለች አክስት።

«እኔ እንጃ። እንዲሁ ከሐሳቤ ነው የሳልኳት።»

«አፏን እንዲህ በርግዳ ዝንብ ቢገባባትስ? አፍሽን ዝጊ የሚላት ዘመድም የላት?»

«የላትም መሰለኝ።»

«ታሳዝናለች። አፍንጫዋስ ምን ነካው?»

ባለጋለሪው ጣልቃ ገባ። «እናቴ፣ ይቺ ሴት የትርኢቱ ልብ ናት።»

«ልቧን ተወውና አፏን ዝጋልኝ» አለችውና፣ እግሬን ደከመኝ ብላ ከሥዕሉ ሥር ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ሠዓሊዋ እፎይ አለች። ተኝቶ ራሱን ያየ ሰው የለም፤ እንግዲህ አላወቀችም ማለት ነው ብላ ውሃ ልታመጣላት ሄደች። ብርጭቆውን ይዛ ስትመለስ ግን አክስት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ፣ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ታንኮራፋለች።

ማንኮራፋቱ እስከ መድኃኒት ቤቱ ወረደ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ምን ጉድ ነው እያሉ ወጡ፤ መንገደኛውም ተከተላቸው። ሥዕሉን ያያሉ፣ ሴትዮዋን ያያሉ፣ እንደገና ሥዕሉን ያያሉ። «ይሄማ የትርኢቱ አካል ነው» አለ የራስ ምታቱ ሰውዬ፣ ሕመሙን ረስቶ። ያን ጊዜ ስልኮች ከየኪሱ ወጡ። ሠዓሊዋ የአጎቷ ነገር ትዝ አላትና ቀልቧ ተገፈፈ፤ በሰው መሃል እየተጋፋች ሄዳ አክስቷ ጆሮ ላይ አጎነበሰች።

«አክስቴ፣ ተነሽ በናትሽ። ይቅር በይኝ፣ ሥዕሉ አንቺ ነሽ። አሁኑኑ አወርደዋለሁ።»

ማንኮራፋቱ ለአፍታ ቆመ። አንድ ዐይን ብቻ ተከፈተ።

«ታወርጂውና ጉድሽን ታያለሽ» አለች አክስት በሹክሹክታ። «ያን ሁሉ እሁድ ሳልነቃነቅ አፌን ከፍቼ የጠበቅሁሽ እንድታወርጂው ነው? አንገቴን እስካሁን ያመኛል።»

«ነቅተሽ ነበር?»

«እርሳስሽ እንደዚያ እየተንኮሻኮሸ ማን ይተኛል? አጎትሽ ሊስቅብኝ ነው ያነሳኝ። አንቺ ግን እንደ ልጅነትሽ ምላስሽን አውጥተሽ ስትስይ ሳይሽ፣ ትጨርስ ብዬ ተውኩሽ።»

ሠዓሊዋ ሰርቄ ወሰድኩት ስትል የከረመችው ነገር ለካ ተሰጥቷት ኖሯል። እጇን ይዛ ልትስማት ስትል አክስት በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«ዘወር በይ፣ ሰው እያየ ነው። አፍንጫዬን መልሺልኝ። ያንን ወረቀትም አንሺው፤ ያልታወቀች ሴት ይባልልኛል! በዚህ ሰፈር እኔን የማያውቅ ማን አለ?»

ይህን ብላ ዐይኗን ጨፈነችና አፏን ከበፊቱ ይበልጥ ከፈተችው።