የአልቃሿ አንገት

የሻረግን የወገዳ ሰው አንዴ በሐሳቡ ቀብሯት ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ደሟ ታሞ፣ ጣፊያዋ አብጦ፣ ሆዷ የደረሰ እርጉዝ ሲመስል «ከፋሲካ አታልፍም» ያላለ ጎረቤት አልነበረም። እሷ ግን ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ፣ የደም ካንሰር መሆኑን ሰምታ፣ በየቀኑ የምትዋጥ አንዲት ኪኒን ይዛ ተመለሰች። ፋሲካ አለፈ። ጣፊያዋም ወደ ቦታው ገባ። «አታልፍም» ካሉት መካከል አራቱን ከዚያ ወዲህ ራሷ አልቅሳ ሸኝታቸዋለች። ይህን ስትናገር ፊቷ ላይ ትንሽ ደስታ ይታያል፤ አይፈረድባትም።

ማልቀስ ሥራዋ ነው። የሻረግ ሙሾ አውራጅ ናት። በወገዳ ዙሪያ ሰው ሲሞት ከቄስ ቀጥሎ የሚላክባት እሷ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ከለቀስተኛው መሀል ቆማ ድምጿን ስትለቅ፣ ለወግ ብቻ የመጣው ሁሉ ሳያስበው ይነፋረቃል። ደግሞ ዝም ብላ አትገጥምም። ሟቹ ምን አረሰ፣ ማንን አስታረቀ፣ ለማን ደረሰ ብላ ጠይቃ፣ አጣርታ ነው። ያልሠራውን ሠራ ብላ የሸኘችው ሰው የለም። አንድ ጊዜ የአንዱን ሟች ቤተሰብ «ምን ሠራ?» ብላ ብትጠይቅ መልስ ጠፋ። እሷም «ቁመቱ ረጅም ነበር» ብላ ቁመቱን አለቀሰችለት።

እንግዲህ ይህች ምላስ ያላት ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ዝም ያለችው።

ዝም ያለችበት ምክንያት ወገዳ ላለችበት ለስማዳ አገር ሰው ግልጽ ነው። በዚያ አገር አንገት ካበጠ እንቅርት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የእናቷ እንቅርት ሎሚ ያህል ነበር፣ የአክስቷ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ ነበር፤ ሁለቱም አርጅተው ነው የሞቱት። የሻረግ ራሷ ልጅ ሳለች እንቅርት እንዳይወጣባት ተብሎ አንገቷን ዙሪያውን በሦስት መሥመር ተነቅሳለች። እብጠቱ ከመካከለኛው መሥመር ሥር ብቅ ሲል ንቅሳቱን ታዘበችው እንጂ አልደነገጠችም። ነጠላዋን ከፍ አድርጋ አንገቷ ላይ አጣፋችና ወደ ለቅሶዋ ሄደች።

በታኅሣሥ ኪኒኗን ልትቀበል ባሕር ዳር ስትወርድ ነው ዶክተር ዮርዳኖስ ያየችባት። ዮርዳኖስ ደሟን የምትከታተል ወጣት ሐኪም ናት። ነጠላውን ገለጥ አድርጋ በሁለት ጣቷ ዳበሰች፤ እብጠቱ ጠጣር ነው፣ አይንሸራተትም።

«እትዬ የሻረግ፣ ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካቻምና ሰኔ ይሆናል።»

«ምነው ታዲያ አልነገሩኝም?»

«እንቅርት ለሐኪም ይነገራል እንዴ? ደግሞስ አንቺ የደም ሐኪም አይደለሽም?»

ዮርዳኖስ ልትስቅም ልታለቅስም ቃጣት። በመርፌ ተቀድቶ ተመረመረ፤ ከልደት በኋላ የሻረግ ውጤቱን ልትሰማ ተመለሰች። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና ሳትሸፋፍን ነገረቻት። ካንሰር ነው።

«ደሙ ተመለሰብኝ?» አለች የሻረግ።

«የለም። ደምዎ ደህና ነው። ይሄ ሌላ ነው፤ ከአንገት ዕጢ የተነሣ፣ ራሱን የቻለ።»

«ሁለተኛ ካንሰር?»

«አዎ።»

የሻረግ ተናደደች። ከምንም በፊት የመጣባት ንዴት ነው። አንዱን ተሸክማ ዘጠኝ ዓመት ስትሄድ ቢያንስ ሌላው ሊተዋት ይገባ ነበር እኮ! «ኪኒኑ ነው ያመጣብኝ?» ስትል ጠየቀች።

«እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም» አለች ዮርዳኖስ። «የእርስዎ ዓይነት የደም ካንሰር ያለበት ሰው ሌላ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ትንሽ ከፍ ይላል የሚሉ ጥናቶች አሉ። ከበሽታው ይሁን፣ ከመድኃኒቱ ይሁን፣ ወይስ ሰዉ ዕድሜ አግኝቶ ስለኖረ ይሁን፣ ያጠኑትም አልተስማሙም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ኪኒኑን ዛሬ በራስዎ ካቆሙ ደሙ ይመለሳል።»

«እሺ፣ አንገቴስ?»

«ዕጢው በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ብዙ ሰው ይድናል። ከዚያ በኋላ ዕጢውን የሚተካ ሌላ ኪኒን ይጨመራል።» እዚህ ላይ ዮርዳኖስ ትንሽ አመነታች። «ግን የድምፅ ጅማት በዕጢው ሥር ነው የሚያልፈው። ሐኪሙ ይጠነቀቃል። ቢሆንም አንዳንዴ ድምፅ ይሻክራል። አልፎ አልፎም ይጠፋል።»

ለጥር ሃያ ሰባት ቀጠሮ ተያዘላት። የሻረግ በእስቴ በኩል ወደ ወገዳ በመኪና ተመለሰች። ሞትን ብዙ ጊዜ በቅርብ አይታዋለች፤ ሞት አላስፈራትም። ድምጿን አጥታ ቁጭ ማለት ግን አስፈራት። ሰው ሞቶ ሌላ ሴት ስታለቅስ እሷ ጥግ ይዛ እንደ ማንኛዋም ለቀስተኛ ንፍሮ ስትቆረጥም ታያት።

ታላቅ ወንድሟ ቄስ ወርቅነህ ቤቷ ተቀምጠው ጠበቋት። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ይወዷታል፣ ያዝዟታልም። የሆነውን ስትነግራቸው መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ያ ኪኒን ነው» አሉ። «በደም በኩል በሩን ዘጋሽበት፣ በአንገትሽ ወጣ።»

«ሐኪሟ እርግጠኛ አይደለሁም ነው ያለችው፣ ጋሼ።»

«እኔ እርግጠኛ ነኝ።»

ቄስ ወርቅነህ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ቀን የሻረግ አታስታውስም። በልጅነቷም ዝናብ መቼ እንደሚያባራ ሳይቀር እርግጠኛ ነበሩ፤ ሁለቱም በስብሰው ይገቡ ነበር።

«ስሚኝ» አሉ ድምፃቸው ለስልሶ። «አንገትሽን አሳርደሽ ድምፅሽንም ነፍስሽንም ከምታጪ፣ ተዝካርሽን በቁምሽ እናውጣ። በሬሽ አለ፣ ገብስሽም ተወቅቶ ገብቷል። ለአስተርዮ ማርያም ካህናቱን አብልተሽ፣ ንስሐሽን ተቀብለሽ፣ ከነድምፅሽ ሂጂ።»

የቁም ተዝካር በዚያ አገር ክብር ነው። ሰው ሳይሞት ለነፍሱ የሚበላውን ድግስ በዓይኑ አይቶ፣ ምርቃቱን በጆሮው ሰምቶ ያርፋል። ማንም «ቀበሯት» አይልም፤ «ታደለች» ነው የሚለው። ነገር ግን የሻረግ ያላት አንድ በሬ ነው። በሬው ከታረደ ወደ ባሕር ዳር መሄጃም፣ እዚያ መሰንበቻም የለም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ማንኛቸውም አልተናገሩትም።

«ከነድምፅሽ ሂጂ» ያሉት ቃል ግን ልቧ ገባ። ድካምም ነበረባት፣ ፍርሃትም። አንገቷን ደፍታ «እሺ» አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ ጉድ አለ። ጌሾው ተወቀጠ፣ ብቅሉ ተፈጨ። ሴቶቹ እየመጡ ይስሟታል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያናግሯታል፣ እህል ስትቀምስ ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ጤነኛ ሰው እንኳ እንዲህ ሲለማመጡት ይታመማል። የሻረግ ኪኒኗን እንደ ልማዷ ከምሳ በኋላ እየዋጠች ተቀመጠች። የምትሞት ሴት ለምን ኪኒን ትውጣለች ብላ ራሷን ጠየቀች፤ ቢሆንም አላቋረጠችም።

ዓርብ ዕለት ጋን ልትዋስ ወደ ዘነበች ቤት ሄደች። ዘነበች ለቅሶ ላይ እየተቀበለች አሥር ዓመት አብራት የኖረች ጎረቤቷ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የዘነበች ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማል፤ ታነሣለች፣ ትተዋለች፣ እንደገና ታነሣለች። የሻረግ የማን ለቅሶ ይሆን ብላ ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«የሻረግ ዝምተኛ፣ የሻረግ ገራገር፣
ሞት ነይ ሲላት ሄደች እሺ ብላ ተነሥታ አንድ ቃል ሳትናገር…»

የሻረግ ደጁ ላይ ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት። ዝምተኛ! የሻረግ! ቀጥሎ ግን «እሺ ብላ» የሚለው ቃል እንደ እሾህ ወጋት፤ ምክንያቱም እሱ እውነት ነው። እሺ ብላለች። እሷ ስለ ሟቾች ስትጠይቅ እንደኖረችው ሁሉ አንዷ «የሻረግ ምን ሠራች?» ብላ ብትጠይቅ፣ መልሱ ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ታግላ፣ በመጨረሻ ለአንድ እብጠት እሺ አለች።

በሩን በእጇ ገፋ አድርጋ ገባች።

«ዘነበች፣ ሁለተኛው ስንኝሽ ያነክሳል።»

ዘነበች ከመደቡ ዘላ ተነሣች። «እትዬ! እኔ እኮ… ቄሱ ናቸው፤ በድግሱ ቀን አንድ ሁለት ስንኝ ብትይላት ብለውኝ ነው።»

«ማንከሱስ ይሁን። ውሸት ጨመርሽበት። እኔ ገራገር ነኝ?»

ዘነበች መሬት መሬት አየች።

«ተናገሪ! አሥር ዓመት ያስተማርኩሽ ዝም እንድትይ ነው? እኔ ምን ዓይነት ሴት ነኝ?»

«አስቸጋሪ» አለች ዘነበች፣ ከፍርሃትም ከፍቅርም። «ደረቅ። ሰው የማትሰሚ።»

«ታዲያ እሱን ግጠሚያ!» የሻረግ ዞራ ወጣች፤ ከደጅ ተመልሳም አንገቷን በበሩ አስገባች። «ደግሞ አትቸኩዪ። ጊዜ አለሽ።»

ጋኑን ሳትዋስ ሄደች። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በሬዋን ፈትታ ራሷ እየነዳች ወገዳ ገበያ ገባች። የተዝካሩን በሬ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከብት ተራው አፉን ይዞ አያት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ቄስ ወርቅነህ ጥምጥማቸው ዘንበል እንዳለ እየተጣደፉ መጡ።

«ለማርያም የተባለ በሬ ገበያ ታወጪያለሽ?» አሉ። «ካህናቱን ጠርቻለሁ! ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

የሻረግ ገመዱን አልለቀቀችም። «ያዋረድኩዎ እሺ ያልኩዎ ዕለት ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ያሳደጓት ሴት እንደዚያ አታደርግም ነበር።»

«በቢላ ሥር ብትሞቺስ?»

«እሞታለኋ! ግን ስታገል ነው የምሞተው።»

«ድምፅሽስ?»

  «እፈራለሁ» አለች በግልጽ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። «በጣም እፈራለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ። ለነፍሴ እርስዎ ይቀድሱልኝ፤ ለአንገቴ እኔ እሄድለታለሁ።»

 የገበያተኛው ዓይን በቄስ ወርቅነህ ላይ ነው። እሳቸውም የበሬውን ገመድ ከእጇ ተቀበሉና ወደ ነጋዴዎቹ ዞሩ። «ሴት ናት ብላችሁ እንዳታታልሏት» አሉ በቁጣ። «እኔ ነኝ የምሸጠው።» ካህናቱም በአስተርዮ ዕለት በተጠመቀው ጠላና በሽሮ ተሸኙ፤ ያጉረመረመ አልጠፋም።

ጥር ሃያ ስድስት ወንድምና እህት ባሕር ዳር ገቡ። ዮርዳኖስ ለነገው ልታዘጋጃት መጣችና ሁሉንም እንደገና አስረዳቻት። የሻረግ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ይሄ ቢወጣ ሦስተኛ አይመጣም?»

«አይመጣም ብዬ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው በየጊዜው የምናይዎት። ከእንግዲህ ግን እብጠት ካዩ የዚያኑ ሳምንት ይንገሩኝ፤ እንቅርት ነው ብለው አይፍረዱ።»

«ይምጣ እንግዲህ» አለች የሻረግ። «መንገዱን ያውቀዋል። እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ስትነቃ አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ጉሮሮዋ ይነድዳል። ዮርዳኖስ በራስጌዋ ቆማለች። ቄስ ወርቅነህ ከእግርጌ፣ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«ሁሉም ወጥቷል፣ እትዬ» አለች ዮርዳኖስ። «እስቲ ስምዎን ይንገሩኝ።»

የሻረግ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከረች፤ አሁንም ትንፋሽ።  ሺህ ሰው ያስለቀሰ ጉሮሮ የራሷን ስም መጥራት አቃተው።

ቄስ ወርቅነህ ይህን ሲያዩ አልቻሉም። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች በሽተኞች መኖራቸውን ረስተው፣ ጥምጥማቸው ትከሻቸው ላይ እስኪወድቅ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ።

የሻረግ አየቻቸው። አንገቷን ደግፋ ከትራሱ ቀና አለች። ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበችና ገፋችው፤ የሻከረ፣ የጎረነነ፣ ማንም የማያውቀው ድምፅ ወጣ።

«ዝም ይበሉ፣ ጋሼ» አለች። «አልቃሿ እኔ ነኝ። እኔም አላለቀስኩም።»