ያልሳሳው ላሜራ

ላሜራውን በሁለት እጇ ከገንዳው ስባ ስታወጣው ከበዳት። ሊከብዳት አይገባም ነበር። ቆዳ ከሚለፋበት ክፍል የሚመጣው ፍሳሽ በእነዚህ የብረት ላሜራዎች መሃል ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ብረቱ ቀስ በቀስ እየሟሟ ቆዳው የሚለፋበትን መርዛማ ክሮምና እድፉን አሰባስቦ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። የሠራ ላሜራ ይሳሳል። ይሄኛው ግን ሁለት ወር ገንዳ ውስጥ ከርሞ ጠርዙ እንኳ አልተነካም። ዝቃጩን በጓንቷ ጠርጋ ለካችው። ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ልክ ሲገባ እንደነበረው። ሁለተኛውን አወጣች፤ ሦስተኛውንም። ያው ናቸው።

የማጣሪያውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። የናሙናውን ጠርሙስ በየቀኑ ላቦራቶሪ ድረስ የሚያመጣላትም እሱ ነው፤ "አንቺ ደግሞ እዚያ ግማት ውስጥ ምን አደከመሽ" እያለ። እሷ ትመረምራለች፣ ንጹህ ነው ብላ ትፈርማለች። እንዴት ያለ አሳቢ ወንድም አለኝ ስትል ነበር፣ ሞኟ!

"ጋሼ፣ ማሽኑን መቼ ነው ያጠፋኸው?" አለችው ሲገባ።

"ማን አጠፋ አለሽ?"

"ላሜራው።"

ሊስቅ ሞከረና ፊቷን ሲያይ ተወው። "ላሜራው የተቀየረ ዕለት። ሥራ አስኪያጁ መብራት በላብኝ ብሎ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ምን ላድርግ?"

"የምታመጣልኝስ ውሃ?"

"የቧንቧ ነው። ፍሳሹን ትንሽ ጠብ አደርግበታለሁ።"

"ከታች ይሄ ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ እኮ! እኔ ነኝ የፈረምኩት!"

"ለአንቺው ብዬ ነው፣ ሚጣዬ። ካላወቅሽ አትጠየቂም።"

አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው። ለዚያም ይመስላል አፏን ሞልታ ልትሰድበው ያልቻለችው።

ሳይጨርሱ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪዋ መዝገቧን ይዛ ገባች። በወሩ መጨረሻ ነበር የምትጠበቀው። ከገንዳው አፍ ላይ የተደረደሩትን ላሜራዎች አየች።

"የዚህ ማጣሪያ ኃላፊ ማነው?"

"እሷ ናት" አለ ወንድሟ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። "ወረቀቱን ሁሉ የምትፈርመው እሷ ናት።"

ካላወቅሽ አትጠየቂም ያላት ገና አሁን ነው።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የፈረምኩት" አለች። "የሁለት ወሩ ውጤት ግን አንዱም እውነት አይደለም። ማሽኑ አልሠራም፤ የመረመርኩት የቧንቧ ውሃ ነው።"

"ይህን ከጻፍኩ አንቺም ትጠየቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"ውሃውን ማን ነበር የሚያመጣልሽ?"

"ሚጣ…" አለ ወንድሟ በለሆሳስ።

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነገረቻት። ተቆጣጣሪዋ ጽፋ ስትጨርስ፣ ከዚያው በላይ የተጻፈውን የልጅቷን ስም ከነአባቷ አየችና እስክሪብቶዋን አቆመች።

"ዘመድሽ ነው እንዴ?"

"ወንድሜ ነው" አለች። "ይህንንም ይጻፉት።"