አልጣበቅ ያለው ሳሙና

ሞራ እጠላለሁ። ሳሙና እየሠራሁ የምኖር ሴት ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ሞራ ሲቀልጥ የሚወጣው ሽታ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጥና እህል አላስወርድ ይለኛል። ቅቤማ ከዚያም ይብስብኛል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ራሷን ተቀብታ ስታቅፈኝ ትንፋሼን እይዝ ነበር። «ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ፍጥረት ናት!» ትለኝ ነበር። እኔ እንጃ፤ እንዲህ ሆኜ ተፈጠርኩ።

ስሜ የትምወርቅ ነው። ሶዶ ውስጥ ሳሙና የሚፈልግ ሰው ቤቴን አይስትም። አባቴ ከጦሩ ጋር ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ የተወለድኩት ግን እዚሁ ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ ልብሷን አጥብላት የነበረች አንዲት ፈረንጅ ናት፤ ስታስተምረኝም እጄን በሁለት ጣቷ ብቻ እየያዘች ነበር። የኮባ አመድ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠለላል፤ እንቁላል የሚያንሳፍፍ እስኪሆን ይፈላል። ከዚያ ከቀለጠ ሞራ ጋር ክንድ እስኪዝል ይማሰላል። በመጨረሻ እንዲጠነክር ጨው ይጨመርበታል። ሥራው ይኸው ነው። የሚከብደው ሽታው ነው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ የፊታውራሪው ሚስት ወይዘሮ ሳህሊቱ አስጠሩኝ። ልጃቸውን ከጥምቀት በኋላ ሊድሩ ነው። አዲስ አበባ ደርሰው ከመጡ ወዲህ የማይሸታቸው ነገር የለም፤ ሰው ሲያነጋግሩ የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ።

«ከታች ነጭ፣ ከላይ ቀይ የሆነ ሳሙና አይቻለሁ» አሉኝ። «አማቾቼ እጃቸውን ሲታጠቡ እንደዚያ ያለ እንዲቀርብልኝ እፈልጋለሁ።»

«እሞክራለሁ፣ እመቤቴ» አልኳቸው። ነጩን በሞራው፣ ቀዩን በእርድ ማውጣት እንደምችል አውቃለሁ፤ እርድ የአመድ ውሃ ሲነካው ይቀላል። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቄ ግን አላውቅም።

ለመስቀል ከታረዱት ሰንጋዎች የተረፈውን ሞራ በእንስራ አስላኩልኝ። ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ውስጥ ከርሟል። ክዳኑን ሳነሳ ዓይኔ አለቀሰ። እንስራውን ተሸክማ የመጣችው ትርፌ ናት፤ እንድታግዘኝ ተልካ።

ትርፌ የበዴሳ ገባር ሚስት ናት። የአገልግሎት ተራ ደርሷት በወይዘሮዋ ግቢ እህል ትፈጫለች። ልጇ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ደርሳለች። በእነሱ ወግ አራስ ከተገላገለች ራሷን ቅቤ የምትቀባት እናቷ ናት፤ የሌላ ሴት እጅ አይሆንም። ትርፌ ልሂድ ብላ እግራቸው ላይ ወድቃ ለምናቸው ነበር። «ሳሙናው አምሮ ከወጣ ትሄጃለሽ» አሏት። ስለዚህ ሳሙናዬን ከእኔ ይልቅ የምትጠብቀው እሷ ነበረች።

ገና በደጄ ስትገባ ሸተተችኝ።

«ያ በመቀነትሽ የቋጠርሽው ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው፣ እሜቴ። ልጄ ደርሷል፣ ሊወልድ ነው። ለእሱ ራስ ነው።» ልጇን እሱ የምትላት አማርኛው ስለማይቀናት ነው።

«ውጪ ተቀመጪ። ካልጠራሁሽ አትግቢ» አልኳት። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ነጩን ሠርቼ፣ ደጃፉ ላይ ኮባ ቅጠል ባነጠፍኩበት የእንጨት ገበታ ላይ አፈሰስኩት። እስኪረጋ ትርፌ እንድትጠብቀው አድርጌ ቀዩን ላማስል ወደ ማድቤቱ ሄድኩ። ተመልሼ ቀዩን በላዩ ገለበጥኩበት። በሦስተኛው ቀን ስቆርጠው ቢላዋው ገና ሳይወርድ ቀዩ ከነጩ ተነሣና ተንሸራቶ መሬት ወደቀ።

ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

ነጩ አለቅጥ ረግቶ ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ጊዜ በጣቴ ስነካው ጎድጎድ ብሎ ጣቴ ላይ የማይቀር እስኪሆን ብቻ ጠበቅሁ፤ ፊቱን በማበጠሪያ ጫርኩት፤ «አሁንም ባይጣበቅ ጉድ ፈላ፣ ጸልዪ!» ብዬ ትርፌን እየተነጫነጭኩባት ቀዩን ከነትኩሳቱ ለማምጣት ሮጥኩ። ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አፈሰስኩት። ቶሎ እንዳይበርድ ጋቢዬን ሳይቀር አለበስኩት፤ ጋቢዬ እስከ ዛሬ ይሸታል።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ለሁለት። ያውም ከመጀመሪያው ብሶ።

የተለያየውን ፊት በጣቴ ደባበስኩት። ያንሸራትታል። ጣቴን አሸተትኩ። ቅቤ! ያልተነጠረ፣ የበሰበሰ ቅቤ። ስንት ቀን የዚያን የከረመ ሞራ እንፋሎት የተጋትኩት ለዚህ ነው?

ሁለቱን ቁራጭ ይዤ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሳህሊቱ ሄድኩ። ትርፌን አልጠየቅኋትም። «ቅቤ ቀብታብኛለች!» አልኳቸው። «ሆን ብላ ነው ያበላሸችው!»

«ድሮስ ከእነሱ ምን ይጠበቃል» አሉ፤ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እንዳደረጉ። «እንግዲያው የትም አትሄድም። ሳሙናው እንዳለቀ ወፍጮዋ ላይ ትቀመጥ።»

ስመለስ ትርፌ የጠቆረውን ድስቴን በአሸዋ እያሸች ነበር። ቀና አለችና፣

«እሜቴ፣ ተጣበቀ?» አለችኝ።

«ቅቤውን ለምን ቀባሽው? ተናገሪ!»

ግራ ገባት። «እኔ ባረክሁት እንጂ» አለች። «እኛ ዘንድ አዲስ ነገር ሲወለድ አናቱ ይቀባል። መጀመሪያ ትንሽ ቀባሁት፣ እምቢ አለ። እርስዎ ጸልዪ አሉኝ። ሁሉንም ቀባሁት።» መቀነቷን ፈታች። የኮባው ቅጠል ታጥፎ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው። «ለልጄ ራስ የያዝኩት ነው። ሳሙናው ካማረ እሄዳለሁ፣ ሌላ አገኝለታለሁ ብዬ።»

ተቀመጥኩ። ያንን እንስራ ሙሉ ሞራ በአንድ ትንፋሽ የጠጣሁት መሰለኝ። ለሳሙናዬ የልጇን ቅቤ ሰጠችኝ፤ እኔ ሄጄ ከሰስኳት። ደጅ ከማስቀመጥ ይልቅ ቀርቤ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትነግረኝ ነበር። ለራሴ አስጠላሁ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

በዚያው ቀን ሥራ ጀመርን። ነጩና ቀዩ አስቀድመው ተለያይተዋልና መለየት አላስቸገረንም። እየከተፍን በየድስቱ ጨመርን፤ የአመድ ውሃ አክለን መልሰን አፈላነው። ቅቤውም ከአመዱ ውሃ ጋር ተማስሎ ራሱ ሳሙና ሆነ። ይህን ጊዜ ትርፌ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ስጭር እሷ ቀዩን ታቀብለኛለች። «በመካከላቸው ቅባት ከገባ አይያያዙም» ብዬ አሳየኋት። «ያ ምርቃት ለሰው እንጂ ለሳሙና አይሆንም።» አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

በሦስተኛው ቀን ቆረጥኩት። በሁለት እጄ ይዤ ልገነጥለው ታገልኩ፤ ወይ ፍንክች! መሬት ላይ ወረወርኩት፤ ጥጉ ተሸረፈ እንጂ ቀዩ ከነጩ አልተላቀቀም።

ይዤላቸው ሄድኩ። ወይዘሮ ሳህሊቱ ውሃ አስቀርበው እጃቸውን ታጠቡበት፤ አሸተቱት፤ ደስ አላቸው። የትርፌ ልጅ ቅቤ በጣቶቻቸው መካከል አረፋ ሲሆን ቆሜ አየሁ።

«ጎሽ! ሠላሳ ያህል ጨምሪልኝ» አሉ።

«እመቤቴ፣ ትርፌን በሐሰት ነው የከሰስኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያሉትን ይፈጽሙላትና ትሂድ።»

«ሰርግ ደርሶብኝ ፈጪ ልልቀቅ?» አሉ፣ እጃቸውን እያለቀለቁ። «ልጅቷ እንደሆነች እናቷ ኖረች አልኖረች ከመውለድ አትቀር።»

አፍንጫዬን መያዝ አማረኝ። ንጹሕ ነበሩ፤ እርድና ሳሙና ይሸቱ ነበር፤ እኔን ግን እንደዚያ ቀን ያቅለሸለሸኝ የለም። ያን ጊዜ ውሸቱ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«እንግዲያው ሠላሳው አይሆንልኝም» አልኩ። «የሶዶ ኮባ አመድ አይበረክትም፣ ይህ የተጣበቀው አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ነው። አማቾችዎ ሲታጠቡ እጃቸው ላይ ለሁለት ቢሰነጠቅ እኔ የለሁበትም። የበዴሳ ኮባ አመድ ያስፈልገኛል፤ እሱን የምታውቀው ደግሞ ትርፌ ናት።»

እጃቸውን ማለቅለቅ ተዉ። «ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

«ኮባው ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተቃጥሎ... ሦስት ሳምንት።»

«ለሰርጉ ይደርሳል?»

«እኔ ልሙት፣ ይደርሳል።»

አመዱ ከጓሮዬ ነው የሚወጣው። እስከ ዛሬም ከጓሮዬ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ከገበያ ቅቤ አመጣሁ። ይኸው እኔ፣ በነቢያት ጾም፣ ትንፋሼን ይዤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ተሸክሜ መንገድ ላይ ስሮጥ የታየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትርፌ ተቀበለችኝና ቅጠሉን ፈትታ በጣቷ ቆነጠረች።

«እሜቴም ይቀቡ» አለችኝ።

«እኔን ተዪኝ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ሻሼን አውርዳ አናቴ ላይ አስቀመጠችውና በመዳፏ አሸችው፤ በቋንቋቸው የሆነ ነገር እያለች። ሞቀ፣ ቀለጠ፣ በጆሮዬ ኋላ ወረደ። ከረፋኝ። እንባዬ መጣ፤ ግማሹ ከሽታው ነው። ከዚያ የበዴሳን መንገድ ይዛ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ከዚያ የመጣ ነጋዴ ወሬ ነገረኝ። ትርፌ በደረሰች በማግስቱ ልጇ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ የአራሷም ራስ በቅቤ ርሷል። በዚያው ዕለት ወይዘሮ ሳህሊቱ ስለ ሳሙናው ሊጠይቁኝ አስጠሩኝ። ገና ደጃፉን ስረግጥ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው አነሱ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?» አሉ፣ ወዲያ ወዲህ እያዩ። «ማን ነው ቅቤውን ተለቅልቆ ቤቴ የገባው?»

ቤቴ ውስጥ ሳሙና ሞልቷል። ከዚያ ማለዳ ጀምሮ ግን ራሴን አልታጠብኩም።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» አልኳቸው።