ኖር ባዩ ጫንያለው

እኔ የምሠራው የሺእመቤት በምትባል ሴት ግራ ኩላሊት አናት ላይ፣ እጢዋ ውስጥ ነው። በር ጠባቂ ነኝ። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከሥራ አልቀረሁም፤ ያመሰገነኝም የለም።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሺእመቤት ስትደነግጥ በሩ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል። በሩን እከፍትና አድሬናሊኑን በጆንያ በጆንያ ደም ውስጥ አፈሳለሁ። ከየጆንያው ጋር አንድ ረጅም ጥቅል ወረቀት አብሮ ይወጣል። ወረቀቱን የሚቆርጠው ጫንያለው ነው። ከቁርጥራጩ አንዷን ትንሽ አንስቼ ደወሉ ውስጥ እወትፋለሁ፤ ደወሉ ዝም ይላል፤ በሩን እዘጋለሁ። በቃ።

ጫንያለው በመዝገብ ስሙ ፕላስሚኖጅን የሚባል የደም ፕሮቲን ነው። ከደሙ ጋር ሲንሸራሸር መቀሱ ዱልዱም ነው፤ ክር እንኳ አይቆርጥም። ግድግዳችን ላይ ለእሱ የተሠራ ወንበር አለ። እዚያ ሲቀመጥ አስካለ የምትባል ሴት ሞረዷን ይዛ መጥታ መቀሱን ትስልለታለች። አስካለ ደግሞ የቆመ ሰው መቀስ አትስልም። "ቁጭ ይበልና እናያለን" ነው መልሷ፤ ብትለምናት ንቅንቅ አትልም።

ችግሩ ጫንያለው ጨዋ ነው። ሽማግሌ ሲያልፍ ተቀምጦ መቆየት አይሆንለትም። በእኛ ደጅ ደግሞ ሽማግሌ የማያልፍበት ደቂቃ የለም። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው መቶ ሃያ ቀን ነው፤ ሰማንያ ቀን ያለፈው ሁሉ አንቱ ይባላል።

"ኖር!" ይላል ጫንያለው ብድግ ብሎ።

"በእግዜር! ተቀመጥ ልጄ።"

ገና ሳይቀመጥ ሌላው ይደርሳል። "ኖር!"

በዚህ ጨዋነት የተነሳ የሺእመቤት የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስቱንም ዳገት ላይ። ደወሉ ይጮኻል፣ እኔ አፈሳለሁ፣ የሚቆርጥ የለም፣ በሩ አይዘጋም። ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ይንቀጠቀጥና ሞተሩ ይጠፋል። በሦስተኛው ጊዜ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። እንባው በእኛ በኩል ባያልፍም ወሬው በደም ደረሰን። የተማሪዎች ሰርቪስ እንድትነዳ የጠየቃት ትምህርት ቤት ከዓርብ በላይ አልጠብቅም ብሏታል። አንጀቴን በላችኝ።

ዓርብ ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ መሪ ጨበጠች። ፈታኙ አጠገቧ ተቀመጠ። ደወሉ ጮኸ።

"ጫንያለው፣ ዛሬ እንኳ ተቀመጥ!" አልኩት።

"ጋሼ፣ እሳቸው ቆመው እኔ ልቀመጥ?"

"እሳቸው እግር የላቸውም እኮ! ክብ ናቸው!"

"ቢሆንም" አለ።

ኧረ ይሄ ልጅ በቁሜ ሊጨርሰኝ ነው! ጆንያው ይወጣል፣ ዳገቱ ቀርቧል፣ አስካለ ሞረዷን ይዛ ታዛጋለች።

ያኔ አባ ዘለቀ ደረሱ። መቶ አሥራ ዘጠኝ ቀን የሞላቸው ቀይ ሴል ናቸው። በማግስቱ ጣፊያ ዘንድ ቀጠሮ አላቸው፤ ከዚያ ቀጠሮ ደግሞ የተመለሰ የለም። ነገሩን በአጭሩ አስረዳኋቸው። ጫንያለው እንደ ልማዱ ብድግ ብሏል። ትከሻው ላይ ተደገፉና "በሞቴ ተቀመጥ" አሉት።

"ኧረ አባ፣ እንዴት ሆኖ..."

"ነገ እኮ ነው የምሞተው። በሞቴ!"

እንዲህ ቀኑ ለታወቀ ሞት እንቢ አይባልም። ተቀመጠ።

አስካለ መቀሱን ሳለችለት። ጫንያለው ቆረጠ። ቁራጯን አንስቼ ደወሉ ውስጥ ወተፍኩ። ደወሉ ዝም አለ። ወሬው በየበሩ ደርሶ ኖሮ እጢው በሙሉ ጸጥ አለ። የሺእመቤት ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ መኪናው ዳገቱን ወጣ።

"አልፈዋል፣ እትዬ" አለ ፈታኙ። ደስ አለኝ! አስካለን አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ፈታኙ ሊፈርም እስክሪብቶ ሲያወጣ፣ ከላይ ቆሞ የነበረ የአሸዋ መኪና ወደ እኛ መንሸራተት ጀመረ።

"እትዬ! መኪና!"

"አየሁት" አለች። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። የግራውን መስታወት አየች። የቀኙን አየች። ፍሬቻ አበራች። ከዚያ ወደ ዳር ወጣች። የአሸዋው መኪና በስንዝር ስቷት ወረደ። እጄ በሩ ላይ ነበር፤ ደወሉ ትንፍሽ አላለም።

ፈታኙ ፈረመ። ፊርማው ከወረቀቱ ወጥቶ ጉልበቱ ላይ አለቀ። እልል ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። የሺእመቤት ግን ዞር ብላ "ሌላ የቀረ አለ?" ብላ ጠየቀችው።

ጫንያለው እንዳቀረቀረ ቀረ። ሽማግሌዎቹ በፊቱ ያልፋሉ፤ በአባ ዘለቀ ሞት ተይዟልና አይነሳም። የተቆረጠውን ወረቀት መልሶ ይቆርጣል።

በዚያ ጸጥታ መሃል ደወል ሰማሁ። የእኛ አይደለም። የሚመጣው ከጎናችን፣ ከፈታኙ ኩላሊት አናት ላይ ነው። አያቋርጥም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከደወሉ ሥር ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከዚያም አንድ ትሁት ድምፅ "ኖር!" ይላል።

የጫንያለው መቀስ ቆመ። ቀና ሳይል፣ በለሆሳስ "በእግዜር" ብሎ መለሰ።