ለወንበዴው የተሰጠው ድምፅ

ጀይላን የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረጎመ ነው የሚኖረው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም፣ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ፣ ማይኩ ፊት ሲቀመጥ ሽማግሌውም ኮረዳዋም ውሻውም ራሱ ነው። ሚስቱ ራኒያ፣ ስንቱን እንዳገባሁ እኔም እንጃ ትላለች።

ባለፈው ዓመት አንድ የወንጀል ፊልም ደረሰው። አንድ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች አለቃ አለ፤ እሱን ካልያዝኩ ብሎ እንቅልፍ ያጣ መርማሪም አለ። መርማሪውን በገዛ ድምፁ ሠራው፤ ያው ጀግናውን ለሌላ አይሰጥም። ለአለቃው ግን ድምፅ ጠፋው። ቢያወፍረው ቢያቀጥነው አልሆን ሲለው፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከታች ሰው ሲያነጋግሩ በመስኮት ሰማ። እርጋታቸው የታወቀ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና ነገራቸውን «ተግባባን?» ብለው ይዘጋሉ። ጀይላን ማይኩን ከፈተ። ከዚያ አለቃው ሰው ከማስገደሉ በፊት ሁሉ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ «ተግባባን?» ይል ጀመር።

ፊልሙ ሰፈሩን አዳረሰው። ከልደታ ማርያም እስከ ሜክሲኮ ወያላው ሳይቀር ሂሳብ ሲቀበል በዚያ ድምፅ ሆነ። መርማሪውን ያስታወሰው የለም።

ጀይላን እስከ እድሩ ስብሰባ ድረስ ደስ ብሎት ከረመ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ድንኳኑ ስለማርጀቱ ተናግረው እንደ ልማዳቸው «ተግባባን?» ሲሉ፣ ወጣቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱማ እንደተተኮሰበት ሰው ከወንበሩ ወደቀ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አብረው ፈገግ አሉ። ማታ የልጅ ልጃቸው ቤዛ ፊልሙን በስልኳ አሳየቻቸው። ከዚያ ወዲያ በስብሰባ የሚናገረው ጸሐፊው ነው።

ጀይላን ብርቱካን ገዝቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። «ጀይሉ» ይሉት የነበሩት ሰው፣ «ይግቡ አቶ ጀይላን» ብለው ወንበር ሳቡለት። ከዚያ «እርስዎ» በኋላ መቀመጡ ራሱ ጨነቀው። ለክፋት እንዳልሆነ፣ ሰውም ድምፃቸውን እንደወደደው ተንተባትቦ አስረዳ።

«የወደዱትማ ሲያስገድል ነው» አሉ፣ ሳይቆጡ። «ለመሆኑ ቃሏን መጀመሪያ የት እንደሰሟት ያስታውሳሉ?»

አስታወሰ። እናቱ ያረፈች ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ መነሳት አቅቶት ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ መኪናውንም ድንኳኑንም የኮልፌውን መቃብርም ለእኛ ተወው፣ አንተ እናትህን ሸኝ፣ ተግባባን? ያሉት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ነው እግሩ የታዘዘለት።

የአለቃውን ንግግር በሌላ ድምፅ እንደገና ቀርጾ ለቀቀ። ግን የፊተኛው በየሰው ስልክ ገብቷል፤ አዲሱን ማን ይስማው።

በቅርቡ ጎረቤታቸው ዕፀገነት ባሏ ሞተባት። ጀይላን ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረድር፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል አጠገቧ ዝቅ ብለው ያነጋግሯታል። መኪናውን ለእኛ ተይው፣ ፍትሐቱንም ለእኛ ተይው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ጀይላን ወንበሩን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው በር ላይ የቆሙትን ወጣቶች አዩ፣ ከዚያ እሱን አዩት። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው ተነሱ።

ዕፀገነት የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ቀና ብላ ታያቸው ነበር።